ኢታሎ ካልቪኖና ከዛፍ ያልወረደው ባሮን

ኢጣልያዊው ደራሲ ኢታሎ ካልቪኖ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በኩባ ተወልዶ በ1985 ዓ.ም. በሲዬና ዐረፈ። በወጣትነቱ ፋሺስቶችን በዱር በገደል ተዋግቷል፤ በ1947 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱም ስለዚሁ ትግል ነው። ኋላ ግን ፊቱን ወደ ተረት ስለ መለሰ፥ ከእውነት ሸሸ የሚሉት አልታጡም። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው «በዛፍ ላይ ያለው ባሮን» በተባለው መጽሐፉ፥ ኮሲሞ የተባለው ልጅ ቀንድ አውጣ አልበላም ብሎ ዛፍ ላይ ከወጣ በኋላ እስኪሞት ድረስ ምድር አልረገጠም። ይሁን እንጂ ከዚያው ሆኖ መጻሕፍት ያነባል፤ ጫካው በእሳት እንዳይጠፋ ሰዎችን ያስተባብራል። እንግዲህ ራቅ ብሎ መቆም ሰውን መተው አይደለም፤ አጥርቶ ለማየት ነው። ካልቪኖንም ወደ ተረት የወሰደው ይኸው ነው እንላለን።