የአስታማሚ ሰዓት በሐይቅ ዳር

ማስታመም ሙያ ነው። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ የተኛ ሰው ጎኑ እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ሌሊት ትንፋሹን ማዳመጥ፣ ጠያቂ ሲመጣ ፊትን ፈታ አድርጎ መቀበል፣ ይህ ሁሉ በልምድ የሚካን ሥራ ነው። ከሙያው አንድ ክፍል ግን ሳይነገር ይቀራል፤ አስታማሚዋ ራሷ ሳትወድቅ የምትቆይበት ዘዴ። አስታማሚ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ እናት፣ ልጅ ወይም ምራት። በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል አካባቢ፣ ለዚህ ዘዴ የሚሆን ቦታ ከደጅ ብዙም አይርቅም።

ሐይቅ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ሎጎ ሐይቅ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍ ውሃ ነው። አንቀርቀሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ይበቅላል፤ ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ቆሮሶና አምባዛ ያወጡበታል። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው ገባ ባለው መሬት ላይ ነው። ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ አስታማሚዋ የምትቀመጠው ከውጭ ባለው ዳርቻ ነው፤ ለማረፍ ያም ይበቃል።

ሕመምተኛ ያለበት ቤት ጆሮን አያሳርፍም። ሳል፣ ጥሪ፣ የበር ድምፅ፣ ቀጣዩ ኪኒን ስንት ሰዓት ነው የሚለው ሐሳብ አእምሮን ቀን ከሌት ወጥሮ ይይዘዋል። ስቴፈንና ሬቸል ካፕላን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳብራሩት፣ ሰው በግድ የሚያተኩርበት ኃይሉ ይደክማል፤ የሚያገግመውም ዓይንን ሳያስገድድ የሚይዝ ነገር ሲያገኝ ነው። የውሃ እንቅስቃሴና ነፋስ የሚያወዛውዘው ፊላ እንዲህ ያሉ ናቸው። ምንም አይጠይቁም፤ መልስም አይጠብቁም።

ሆኖም ሐይቁ ዳር ለመድረስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተተኪ ነው፤ የዚህ ሙያ ቋጠሮ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ የታመመን መጠየቅ የማይታለፍ ግዴታ ነው። ሙስሊሙ «አላህ ያሽርህ»፣ ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርህ» እያለ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ያንኳኳል፤ የቅሬ (የዕድር) ሰው ይመጣል፤ ዱዓ ይደረጋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጠያቂ በበዛ ቁጥር ቡና አፍይዋ አስታማሚዋ ትሆናለች፤ ከአቦል እስከ በረካ ስትቀዳ ትውላለች። ከጠያቂዎቹ አንዷ ቡናውን ተረክባ፣ ሌላዋ ከሕመምተኛው አጠገብ ብትቀመጥ አስታማሚዋ ለአንድ ሰዓት መውጣት ትችላለች።

ያ ሰዓት የግድ ረጅም መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤንነታቸውና ደኅንነታቸው የተሻለ እንደሆነ መናገራቸውን አሳይቷል፤ ጊዜው ባንዴ ቢወሰድም ተከፋፍሎ ቢወሰድም ልዩነት አልታየም። ለአስታማሚ የሚስማማው የተከፋፈለው ነው። መጀመሪያ ትንሽ መራመድ፣ ከዚያ መቀመጥ ይሻላል፤ ተወጥሮ የዋለ ሰውነት ወዲያው አይረጋም። ስፌት ይዛ የምትወጣ አለች፤ እጇ ሲሠራ ሐሳቧ ይበርድላታል። እንባ ቢመጣም ይምጣ፤ ቤት ውስጥ በሽተኛው እንዳይሰማ የታፈነ ለቅሶ መውጫ ይፈልጋል።

ሕመም ቤተሰብንም ያጣላል። ደሴ ሆስፒታል ለመመላለስ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ማን ያድራል፣ መሬቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ክርክር አልጋ አጠገብ ሲነሳ በሽተኛው ራሱን እንደ ሸክም ይቆጥራል። ወንድምና እህት ዳርቻውን ጎን ለጎን እየሄዱ ቢነጋገሩት ቃሉ ይለዝባል፤ ፊት ለፊት መፋጠጥ የለም፣ ዝም ማለትም አያሳፍርም።

መውጣት የሚችል ሕመምተኛ ከሆነ እሱም ይውጣ፤ ጥላ ሥር ጥቂት መቀመጥ ቀኑን ይለውጥለታል። የማይችል ከሆነ አልጋው ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ይዙር። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት በአንድ የፔንሲልቫንያ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማንን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ያዩ ከነበሩት ቀድመው ወጥተዋል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ጓሮ ላለው የወሎ ቤት ይህ ወጪ የለውም።

በአምባሰል በኩል ሐይቁን የሚተካው ተራራ ነው። አቀበቱ ለልብና ለመተንፈሻ ሕመምተኛ አይመከርም፤ ለጤነኛዋ አስታማሚ ግን ላብ ያወጣል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ከ4ቱ የኢትዮጵያ ዜማ ቅኝቶች አንዱ በዚህ አገር ስም መጠራቱም ለአካባቢው ሰው ሌላ መጽናኛ ሆኖታል፤ እያንጎራጎሩ መውጣት ትንፋሽን ያስተካክላል።

ጥንቃቄም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ ቢልሃርዝያ መገኘቱን አስታውቋል። ተሕዋሲው በቀንድ አውጣ ተራብቶ በቆዳ ስለሚገባ እግርን በውሃው ነክሮ መቀመጥ አይገባም። ሐይቅ ዳር መቀመጥ የስኳርን ወይም የደም ግፊትን መድኃኒት አይተካም፤ ጠበልም ሲጠመቁ ኪኒኑ አይቋረጥም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ ብዙ ቤት ሐዘንና ሕመም አንድ ላይ ገብተውበታል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ የዘጋት ወይም መኖር የሰለቻት አስታማሚ ለብቻዋ ወደ ውሃ ዳር ሳይሆን ከሰው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።

ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ብርቱካኑን ከሰጠ በኋላ አስታማሚዋን «አንቺ ወጣ በይ፣ እኔ አለሁ» ይበላት፤ እስክትመለስም ከአልጋው አጠገብ አይነሣ።