በምግብ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ቴርሞሜትር ምን ያህል ይታመናል?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት በካቴተር ተኩሶ ማከም በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። ሆኖም የግራው የላይኛው የልብ ክፍል የኋላ ግድግዳ ከምግብ ቧንቧ ጋር ተጠግቶ ስለሚገኝ፣ ለልብ የታሰበው ሙቀት አልፎ ቧንቧውን ሊያቃጥል ይችላል። ጉዳቱ ሲጠና ሁለቱን የሚያገናኝ ፊስቱላ ይፈጠራል። ይህ አደጋ በካቴተር ሕክምና ላይ የተዘገበው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው።

ቴርሞሜትር ወደ ምግብ ቧንቧ ማስገባት የተለመደውም ይህንኑ ለመከላከል ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ሐኪሙ ያቆማል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚለካው ያረፈበትን ነጥብ እንጂ የቧንቧውን ግድግዳ አይደለም። መለኪያው ወደ ጎን ከሸሸ ቁጥሩ የሚያጽናና፣ ሕብረ ሕዋሱ ግን የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ መጨመሩን ስለሚቀጥል ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይደርሳል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ኦፔራ የተባለው ጥናት 200 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ቴርሞሜትር በገባላቸውና ባልገባላቸው መካከል በኢንዶስኮፒ የታየ ጉልህ የጉዳት ልዩነት አላገኘም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢምፓክት ደግሞ ቧንቧውን በሚዘዋወር ውሃ ማቀዝቀዝን ከተለመደው ቴርሞሜትር ጋር አነጻጽሯል። ኢንዶስኮፒ ከተደረገላቸው መካከል በቀዝቃዛው ውሃ ከ60 በ2፣ በቴርሞሜትሩ ከ60 በ12 ሰዎች ላይ ቁስል ታይቷል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የተመዘነው የገጽታ ቁስል ነው፤ አብዛኛው በራሱ የሚድን። ፊስቱላን ለመመዘን እንዲህ ያለ አነስተኛ ጥናት አይበቃም።

በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ፖተር የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ከ553,729 ሕክምናዎች 138 ፊስቱላዎችን አግኝቷል፤ ከነዚህም 66 ከመቶ ያህሉ ሞተዋል። ቀዶ ሕክምና ካገኙት 52፣ ቀዶ ሕክምናም ሆነ የኢንዶስኮፒ ሕክምና ካላገኙት ደግሞ 90 ከመቶ ገደማ ሞተዋል (ያልተቀደዱት ምናልባት የባሰባቸው ስለነበሩ ቁጥሩ በጥንቃቄ ይነበብ)። ከሁሉ የሚያሳስበው ጊዜው ነው፤ ምልክቱ በአማካይ በ18ኛው ቀን ይጀምራል፣ እስከ 60 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ቴርሞሜትሩ በዚያን ጊዜ የለም፤ ልብ የተኮሰው ሐኪምም ሩቅ ነው።

ውጭ አገር ታክሞ የተመለሰ ሰው በዚያ ሳምንት ሲያተኩሰው የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ነው። ትኩሳቱን ወባ ወይም ታይፎይድ ለማለት ይቀላል። ሲውጥ የሚያመው፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም አንድ ጎኑ በድንገት የሚዝል ከሆነ ጥርጣሬው ሊጠነክር ይገባል። በዚህ ጊዜ ኢንዶስኮፒ የሚነፋው አየር ወደ ልብና ወደ አንጎል ሊያልፍ ስለሚችል አይታዘዝም። አስቸኳይ የደረት ሲቲ ስካን ተደርጎ በሽተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ባለፉት ሁለት ወራት ልቡን በካቴተር ታክሞ እንደሆነ በመጠየቅ ነው።