ጣሪያው መስታወት፣ ዋጋው ስንት?

«ታርጋ» ሲባል እኛ የምናስበው የመኪናውን ቁጥር ነው። ፖርሽ ግን ስሙን በሲሲሊ ይካሄድ ከነበረው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ጣሪያው በእጅ ለሚነሳ 911 ሰጠው። በ1995 ደግሞ ጣሪያው ወደ ኋላ የሚንሸራተት መስታወት ሆነ። ማማሩን ማን ይክዳል?

ዳሩ ግን መስታወት ከባድ ነው፤ ያውም ክብደቱ አናት ላይ! መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ማዘንበሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። የስፖርት መኪና ገዢ ገንዘቡን የሚያፈሰው ደግሞ ለዚያች መታጠፊያ ነው።

እርግጥ፣ የከተማ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ለሚውል ሰው ብርሃኑ ደስ ይላል። ታዲያ እሱን የስፖርት መኪና ምን አስገዛው? ሰማይ ለማየት ከሆነማ፣ ወረድ ብሎ ቀና ማለት በነፃ ነው።