የተቀበረ ቧንቧን የማዳመጥ ሙያ

ግፊት ያለው ውሃ ከተቀበረ ቧንቧ በስንጥቅ ሾልኮ ሲወጣ የቧንቧውን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱም በግድግዳውና በውስጡ በሞላው ውሃ በኩል ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ስለሚጓዝ፣ ባለሙያዎች ሊኬጅ የሚሉትን ብክነት ከመሬት በላይ ሆኖ በድምፅ መፈለግ ይቻላል። አንዱ ጫፉ ቫልቭ ወይም ቆጣሪ ላይ፣ ሌላው ጆሮ ላይ የሚያርፈው የማዳመጫ ዘንግ ዛሬም ከሠራተኛው እጅ አልጠፋም። ይሁንና ጎልቶ የሚሰማው ሁሉ ብዙ ውሃ የሚያባክን አይደለም፤ ጠባብ ቀዳዳ እያፏጨ ራሱን ሲያጋልጥ፣ ሰፊ ስብራት ግፊቱን ስለሚያወርደው በደበዘዘ ጉምጉምታ ብቻ ሊታለፍ ይችላል።

ኮሬሌተር የተባለው መሣሪያ በመስመሩ ሁለት ነጥቦች ላይ የተቀመጡ ሴንሰሮች አንዱን ድምፅ በምን ያህል የጊዜ ልዩነት እንደተቀበሉት አነጻጽሮ የሾለከበትን ቦታ ያሰላል። በሴንሰሮቹ መካከል 100 ሜትር፣ በድምፁ አደራረስ ላይም የ50 ሚሊሰከንድ ልዩነት ቢኖር፣ ድምፅ በሰከንድ 1,200 ሜትር ገደማ በሚጓዝበት የብረት ቧንቧ ሊኬጁ ድምፁ ቀድሞ ከደረሰበት ሴንሰር 20 ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ቧንቧው ድምፅን በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቦታው 40 ሜትር ላይ ነው። የቧንቧውን ዓይነት ሳያጣራ የሚያሰላ ባለሙያ እንግዲህ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ አስፋልቱን ያለቦታው ያስቆፍራል።

በሌሎች ኢንዱስትሪዎችም ሥራው ከሰፊ ቅኝት ወደ ጠባብ ፍተሻ ይወርዳል። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ሴንቲኔል-5ፒ ሳተላይት ከዘይትና ጋዝ ማምረቻዎች የሚያመልጠውን ሚቴን ከጠፈር ትለካለች፤ ነገር ግን አንዱ የምስሏ ነጥብ በርካታ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን፣ የላላውን መጋጠሚያ ለይቶ የሚያሳየው በኢንፍራሬድ ካሜራ የሚፈትሸው ሰው ነው። እርጥበት ያለውን አፈር በራዳር የሚለዩት ሳተላይቶችም ለውሃ ባለሙያው የሚሰጡት የሚጠረጠር ሰፈር እንጂ የሚቆፈር ጉድጓድ አይደለም።

አዲስ አበባን በመሰሉ፣ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ከተሞች ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ሌሊቱን በቫልቭ ላይ ተቀምጠው ድምፅ የሚመዘግቡት ሎገሮች የተሠሩት ሕዝቡ ሲተኛ ፍጆታው እጅግ ይቀንሳል በሚል እሳቤ ሲሆን፣ ግፊት በሌለበት ሌሊት መስመሩ ጨርሶ ዝም ይላል፤ ውሃው በመጣበት ሌሊት ደግሞ የየቤቱ ሮቶ፣ ማለትም የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ፣ ሲሞላ የሚሰማው ድምፅ ከሊኬጅ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ፍተሻው ሙሉ ግፊት በሚኖርበትና ሮቶዎቹ ሞልተው ባበቁበት ሰዓት መካሄድ አለበት፤ ይህን ሰዓት ደግሞ የሚያውቀው በየሰፈሩ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋው ሠራተኛ ነው።

የውሃ አገልግሎት ተቋማት እነዚህን መሣሪያዎች ለመግዛት በጀት ከመያዛቸው በፊት፣ የእያንዳንዱን መስመር ዓይነት፣ ስፋትና ርዝመት በካርታ ላይ ሊያሰፍሩ፣ ከቫልቭ ሠራተኞቹም ጋር ቁጭ ብለው ሊመክሩ ይገባል።