ጥርኝ ውኃና 78 ነፍስ፦ የበላዔ ሰብእ ትረካ በጣና ዳርቻ

ሹም አቦ የባሕር ዳር ሰፈር ነው፤ በስሙ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያነሣል። ወር በገባ በ5፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት፣ በጻድቁ ስም የተተከለ ደብር ሁሉ ደጃፉ በየኔ ቢጤ ይሞላል። ልመናው «ስለ አቦ» ነው። በ12 «ስለ ሚካኤል»፣ በ21 «ስለ ማርያም» ይሆናል። ለማኙ ችግሩን አይዘረዝርም፤ የሚያቀርበው የሌላ ስም ነው። በጎጃምና በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶችም ልማዱ ይኸው ነው። የደህና ገበሬ ልጅ ሳይቀር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ በሚጮህበት ደጅ ይቆማል። ነገ ሰው የሚያናዝዘው ቄስ ዛሬ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። መዳን እንደሚያስፈልግ አምኖ መቀበል በዚህ ትውፊት ከትምህርተ ሃይማኖት አንቀጽ በፊት በልመና የሚለመድ ይመስለኛል። ይህን አቋም ከሁሉ በላይ የሚያጸናውም፣ የሚፈትነውም የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚገኘው በተአምረ ማርያም ነው። የቅምር ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን ቁስል የወረሰው፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድኻ ያገኛል። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ቆመ። ይህቺ ስም ከሲኦል እንደምታድን በልጅነቱ ሰምቶ ነበርና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ኋላ ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ውኃ በሌላው። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብታሳርፍ ሚዛኑ ወደ ምሕረት አጋደለ። በየካቲት 16 የሚከበረው ኪዳነ ምሕረት በስሟ ቀዝቃዛ ውኃ ላጠጣ የተሰጠውን ተስፋ ያስባልና፣ በዘጌ ልሳነ ምድር፣ በቡናው ጫካ መካከል ባለችው በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ይህ ሰው መሣሉ የሚጠበቅ ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን ከዚያ ግድግዳ ተምሯል።

ትረካውን ብዙ ሰው የሚነቅፈው ንስሐ የለበትም በማለት ነው። ነቀፋው እንግዳ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) እጅ መከራ ተቀብለዋል፤ በዘመናችንም የወንጌላውያን አማኞች ጥያቄ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኀጢአቱን ያልተናገረ ሰው በጥርኝ ውኃ እንዴት ይጸድቃል?

እኔ ግን ታሪኩ ውኃውን ያን ያህል የሚያከብረው አይመስለኝም። ድኻው ጥሙ ሳይቆረጥ ነው የቀረው፤ ጉሮሮውን ቢያርስ ነው። ሚዛኑ ላይም ውኃው ብቻውን 78ቱን አላነሣቸውም፤ ጥላ አስፈልጎታል። ምጽዋትን በዋጋ ተምኖ ጽድቅ የሚሸጥ ተራኪ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ እንስራ ሙሉ ባስጠጣው ነበር። ትረካው ሥራው እንዳልበቃ በግልጽ ይናገራል። ታዲያ በላዔ ሰብእ ምን አደረገ? ሰማ። የሌላውን ልመና ሲሰማ፣ እሱም አዳኝ የሚያሻው መሆኑ በልጅነት ከሰማው ጋር ተገጣጠመለት። በአንዳንዱ አተራረክ ከዚያ በኋላ ዋሻ ገብቶ በጸጸትና በረኃብ ይሞታል፤ ይህ ጭማሪ ነቃፊዎችን ያረካ ይሆናል፣ ለእኔ ግን ዋናው ነገር ድኻው ፊት በቆመበት ቅጽበት ተፈጽሟል።

አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የመዳን ጥማቱን የሚገልጠው ወደ ገዛ ልቡ ጠልቆ፣ ያለፈ ዕድሜውን እየመረመረ ነው። በላዔ ሰብእ ስለ ራሱ የሚለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን ነፍስን ያለ ቃል አትተወውም። እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው። በስቅለት ዕለት ስግደቱ ሲያበቃ ምእመናን ተራ ይዘው በካህኑ ፊት ያጎነብሳሉ፤ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ይጠበጥባቸዋል፤ የበደሉትን ለነገሩት የስግደት ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሀብታሙም ምስኪኑም በአንድ ሰልፍ ስለሚቆሙ፣ ከዓመቱ ሥርዓት ሁሉ ይኸኛው ሰውን ከማዕረጉ አውርዶ የሚያስተካክል ይመስለኛል።

ዘርዐ ያዕቆብን ያነሣሁት ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ብቻ አይደለም። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዘ፣ የእመቤታችንን በዓላት ያበዛ ንጉሥ ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ ወንድና ሴት ልጆቹን እንደቀጣ፣ በቅጣቱም እንደሞቱ ይተርካል። አጽሙ ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት አለ። የገዛ ልጆቹን የፈጀ ሰው ታሪክ ሲነበብ ንጉሡ ምን እንዳሰበ ጸሓፊው አልነገረንም፤ ሹመቱም ለመናገር አይፈቅድለትም ነበር።

ይህ ወደ ትረካው እውነተኛ ድክመት ያደርሰናል። 78ቱ ስም የላቸውም። ቁጥር ናቸው፤ በሚዛን ላይ ክብደት ናቸው። በገጠሩ አማራ ደም ሲደርቅ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ገዳዩ በሽማግሌ አማካይነት ወደ ሟች ወገን ይቀርባል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ይቅር የሚለውም የሟች ቤተሰብ ነው። በሥዕሉ ግን የተበላችው ሚስት ይቅር ትበል አትበል አልተጠየቀችም። ሊቃውንቱ ፍርዱ የእግዚአብሔር ስለሆነ ነው ይሉ ይሆናል፤ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዘመናችን በየመንደሩ ደም ያለበት ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ፣ ምሕረቱን ለራሱ ወስዶ የሟችን ወገን ደጅ ሳይረግጥ ሊቀር ይችላል። በኪዳነ ምሕረት ዕለት ተአምሩን የሚያነብ ካህን ከድኻው ልመና ጋር የ78ቱን ወገን ጥያቄም ቢያነሣ፣ ከትረካው የሚጎድል ነገር አይኖርም።