ስንት ደቂቃ ሳይሆን የት

በቅርቡ ተመርቆ ወደ ወሎ ቦረና የመጣ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ «ጋሼ፣ በጣቱ የሚራመድን ልጅ ባት በቀን ስንት ደቂቃ ልሳብለት?» አለኝ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ለማራመድ ለተነሳ ሰው ይህ ጥያቄ አይጠቅመውም ባይ ነኝ።

ታርዲዩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ሶሊየስ የሚባለው የባት ጡንቻ እያጠረ እንዳይሄድ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት መለጠጥ እንዳለበት አሳይተዋል። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ከብት አስገብታ የምታመሽ እናት 6 ሰዓት ከየት ታመጣለች? ይህ የብሬስ ሥራ ነው፤ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፣ ልጁ ወደዚያ ይላክ። የእኛ ጉልበት ለመንገዱ ይቆይ።

መንገድ ስል ዳገት ማለቴ ነው። ዳገት የሚወጣ ልጅ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ የእግሩን ጫፍ ሳያነሳ አያልፍም፤ ተረከዙን ካሳረፈ ደግሞ ባቱን የሚለጥጠው የራሱ ክብደት ነው። በጣም የቆመ ዳገት አይሆንም፤ በጣቱ ብቻ ይወጣዋል። ቁልቁለት ጭኑ እስኪጠነክር ይቆይ። ለጀማሪ፣ ግቢ ውስጥ ሁለት የባህር ዛፍ አጠና ግራና ቀኝ አግድም ማሰር በቂ ነው። ጎማው ትንሽ የሆነ ዎከር የክረምት ጭቃችንን አይችልም፤ እኔ ሁለት ዱላ እመርጣለሁ። ዋናው ነገር ልጁ ራሱ መውጣቱ ነው፤ አውስትራሊያዊቷ ኢዮና ኖቫክና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፣ ልጁ ራሱ ለሚፈልገው ነገር የሚያደርገውን ልምምድ ደግፈው፣ በባለሙያ እጅ የሚመራውን የቦባት ዘዴ ግን አልመከሩትም። የቦባት ወዳጆች እስከ ዛሬ ይከራከሩኛል፤ ይከራከሩ።

ይህን የምለው የልጁን የመንቀሳቀስ አቅም በሚለየው የጂኤምኤፍሲኤስ ምደባ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ደረጃ ላሉት ነው። የ4ኛና የ5ኛ ደረጃ ልጅ ወላጅን «ይራመዳል» እያሉ ማስጠበቅ በደል ነው፤ ለእነሱ የዳሌ ክትትልና ልካቸው የሆነ ዊልቸር ይቀድማል።

እናቷ አዝላ የምታመጣት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ልምምድ ሲባል ታለቅሳለች። አያቷ፣ «እሷ እኮ ጥጃዎቹን ማየት ነው የምትወደው» አሉኝ። ልምምዱን ከቤቱ በላይ ወዳለው በረት ወሰድነው። ዱላዎቿን ይዛ፣ እያረፈች ትወጣ ጀመር። ስትወድቅ አያቷ «አይዞሽ፣ ተነሽ» ይሏታል እንጂ አይነኳትም ነበር፤ ከብዙ ባለሙያ የሚበልጥ ትዕግሥት ነው። ከዚያ ወዲህ የልጅ እግር ከመንካቴ በፊት ልጁ ወዴት መሄድ እንደሚወድ እጠይቃለሁ።

የገዛ አገሬን ሰውም ያወቅሁት እንዲህ ከልጅ ጎን ቀስ ብዬ ስሄድ ነው። ሰው ከማሳው ቀና ብሎ ያየናል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ትንሽ ይከተለንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ቤት አንድ አለ» ይለኛል። ከጓዳ ወጥተው የማያውቁ ልጆችን ያገኘሁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ባት ስስብ ብውል ኖሮ ማንም ስለ እነሱ አይነግረኝም ነበር።