ሐርጌሳ ለአዲስ ተማሪ

በሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከዘፋኝ ነው፤ ሶማሌዎች ለዘፈንና ለግጥም የሚሰጡት ክብር እዚህ ላይ ይታያል። ለኮሌጅ የሚመጣ ወጣት መጠጥ ቤት አያገኝም፤ አልኮል ክልክል ነው። ምሽቱ የሻይ፣ የወግና የኳስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ግን ለተማሪ ከሁሉ ይበልጣል፤ ደራሲን ፊት ለፊት ያገናኛል። በከተማዋ የባህል ማዕከል መደርደሪያዎች በሺህ የሚቆጠሩ የድሮ ዘፈንና ድራማ ካሴቶች ተሰድረዋል። መሃል ከተማ የቆመው ሚግ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1988 በከተማዋ ላይ የተፈጸመውን የቦምብ ድብደባ ያስታውሳል። ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ላስ ጌል ዋሻዎች ውስጥ፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች የሚታዩባቸው የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያላቸው ሥዕሎች አሉ፤ ለዚያ መኪናና የጉብኝት ፈቃድ ያስፈልጋል።